ጋሼ መውጫ እና የደቡቡ በር

ስታዲየሙን ያበላሸው ስብሰባ ነው። አባታችን ይህን ሲናገሩ ኖረው ዛሬ በፊታችሁ ተኝተዋል፤ ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸው ከዚሁ ይጀምር።

አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1966 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ንብረት በሆነው ስታዲየም በትኬት ተቆጣጣሪነት ተቀጠሩ፤ ደረጃ በደረጃም ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1970 ዓ.ም. ያኔ ነርስ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጨዋታ በወጉ አላዩም። ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው በሮቹን ነበር የሚያዩት። "ሰው ሲገባ ተራ በተራ ነው፤ ሲወጣ ግን ሁሉም አንዴ ነው" ይሉ ነበር። ሠራተኞቹም "ጋሼ መውጫ" አሏቸው። ስሙን አልጠሉትም።

ስታዲየሙ የሕዝብ ነው። የሕዝብ ነው ማለት ደግሞ ቦርድ አለው ማለት ነው። አባላቱ ከየመሥሪያ ቤቱ ተወክለው ይመጣሉ፣ ሥራውን ሳይለምዱት ይቀየራሉ፤ ሰብሳቢው ብቻ ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም። በዚያ ቦርድ እጅ አይወጣም። ሰብሳቢው "ተቃውሞ አለ?" ይላሉ፣ ሁሉም ሻዩን ፉት ይላል፣ ተወሰነ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ከመቀመጫዎቹ ሥር ያሉት መውጫዎች አንድ በአንድ ለሱቅ ተከራዩ፤ አንዱ የቀለም መሸጫ ሆነ፣ ሌላው የፍራሽ ማከፋፈያ። ለተመልካቹ የተረፉት ዋናው በርና የደቡቡ በር ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. የደቡቡም ተራ ደረሰ።

ሰብሳቢው "ጋሼ፣ በሳምንት አንዴ ለሚከፈት በር ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቦታ እንጠብቅ?" አሏቸው።

አባታችን "ቢሮዬ ያለውንም እሳት ማጥፊያ እስካሁን አልተጠቀምንበትም፤ እንሽጠው?" ሲሉ መለሱ።

አባላቱ ሳቁ። ሻያቸውን ፉት አሉ።

አባታችን በሩን አላስረክብም በማለታቸው ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ወደ መናፈሻ ጽሕፈት ቤት ተዛውረው ያለምንም ሥራ ጡረታቸውን እንዲጠብቁ ተደረገ። የደቡቡ በር በብሎኬት ተደፈነ፤ የምንጣፍ ሱቅ ተከፈተበት።

በ2005 ዓ.ም. በዋንጫ ጨዋታ መሐል ከፍራሽ ማከፋፈያው ጭስ ወጣ። እሳቱ ትንሽ ስለነበር ቶሎ ጠፋ። ነባሩ ደጋፊ ግን እንደ ልማዱ ወደ ደቡብ ሮጦ ከብሎኬቱ ጋር ተላተመ፤ ከኋላ የመጣው በላዩ ተከመረበት። የሞተ የለም። ቦርዱ ይህን እንደ ሥራ ውጤት አወራው። የአባታችን ታናሽ ወንድም ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ክራንች አልሄዱም፤ ዛሬም ከፊት ተቀምጠዋል።

አባታችን በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል። ቦርዱ የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ መተላለፊያውን ስለዘጋ ወደ ጥግ ገፍተነዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ግፊያ በሌለበት ያሳርፍልን።

እናታችን አንድ ነገር ሳይነበብ እንዳይቀር አዘዋል። ከአደጋው በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ አባታችንን ከጡረታ ጠርቷቸው ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢም እኚያው ሰብሳቢ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ምነው ያኔ ጠበቅ አድርገው ቢነግሩን ኖሮ" አሏቸው። ከዚያም ወደ አባላቱ ዞረው፣ "ሥራ አስኪያጁ በወቅቱ በቂ ማስጠንቀቂያ አልሰጡም ብለን ብንዘጋው፣ ተቃውሞ አለ?"

ሁሉም ሻዩን አነሣ።

"አለ" አሉ አባታችን።

ማንም ቀና አላለም። አባታችን ኮፍያቸውን አድርገው ተነሡ። በዕድሜያቸው በር በኃይል ዘግተው የማያውቁት ሰው ወጥተው በሩን ከኋላቸው ወርውረው ሲዘጉት፣ ታች ደረጃው ሥር ይጠብቋቸው የነበሩት እናታችን ሰሙ።