ጤፍህ ጣሪያ ስር ነው

ባህረዲን፣

ጓዳ ገብተህ ጤፍህን ስታጣው እንዳትጮህ። አልተሰረቀም፣ አልተወረሰም። ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ቀና ብለህ እይ።

ያንን አዲሱን የመኪና ማንሻ ተክዬ ጨረስኩ። ፊያቷን ልሰቅልበት ስል ግን ልቤ ፈራ፤ ብትወድቅ ሌላ መኪና የለኝም። ስድስቱ ኩንታልህ የሷን ክብደት ስለሚያህል፣ ጣውላ ዘርግቼ መጀመሪያ በሱ ሞከርኩት። ሳላስፈቅድህ፣ አውቃለሁ።

ሲወጣ ያለ ኮሽታ ወጣ። መውረዱን ነው እምቢ ያለው።

ትናንት የቀበሌ ሰዎች የተደበቀ እህል ሊፈልጉ መጡ። አልጋህ ስር ገቡ፣ የውሃ በርሜሉን ሳይቀር ከፍተው አዩ። በመጨረሻ አንዱ ጋራዥ ገብቶ ልክ ከጤፍህ ስር ቆመና የማንሻውን ምሰሶ በጣቱ እያንኳኳ፣

«ይሄ ነገር ይሠራል?» አለኝ።

«አይሠራም ጓድ» አልኩት። አልዋሸሁም።

«አይዞህ» ብሎኝ ወጣ።

ማንሻውን ስገዛ «ገንዘብ ከፍለህ ቁርጥራጭ ብረት አመጣህ» ብለህ ጎረቤት ፊት የሳቅክብኝን ዛሬ አላነሳብህም።

የማውረጃው ቫልቮላ ተጣብቋል፤ ሌላ ልፈልግ ምናለሽ ተራ ሄጃለሁ። የማንሻውን ቀይ እጀታ አትንካ፣ ከስሩም አትቁም። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለልህ።

አንዴ አይተህ ልብህ ካረፈ በኋላ ግን፣ ሰው ባለበት ቀና እንዳትል። አንተ ካየህ ሰውም ያያል።

ሐምዱ