በልብስ መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ የተጻፈ ክስ

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ውድ ፋንታሁን፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የደባርቅ ብርድ እንዴት አድርጎ እንደያዘህ፣ መርፌ ፈርተው የሚሸሹትን ሰዎች እንዴት እያባበልክ እንደምትከትብ የጻፍከውን አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ሸጋ አድርገህ ጽፈኸዋል። መጨረሻው ላይ ግን እንደ ልማድህ «እትዬ ባንቺአየሁ፣ ያን ነገር ይቅር በይኝ» ብለህ ዘጋኸው። አራት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤህ ግርጌ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ኖርክ። ምነው አይበቃህም? ዛሬ የምጽፍልህ ይህን ይቅርታህን እንድትተው ነው። እንድትተወው ደግሞ የደበቅሁህን ነገር ማወቅ አለብህ።

ከሥሩ ልጀምረው፤ አንተ ከመካከሉ ነው የገባህበት።

ባለቤቴ ሀዳነ ድብ ባሕር ሳለን ፊደል ሊያስቆጥረኝ ጀምሮ ነበር። በበሩ ሳንቃ ላይ በከሰል እየጻፈ እስከ «በ» አደረሰኝ። ከዚያ «ነገ፣ ነገ» እያለ ቆየና ከነጋዴዎች ጋር ወደ መተማ ወረደ፤ እዚያው ወባ ገደለው። የቀረውን ፊደል ጎንደር ከገባሁ በኋላ ከወረቀት ቁራጭ ለቀምኩት። አራዳ ያለችው ባለሱቋ ጥሩነሽ ጨውና በርበሬ የምትጠቀልለው ከአያ አድማሴ በምታገኘው አሮጌ ወረቀት ነበር። አያ አድማሴ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። እናም ጨው ስገዛ አንድ ክስ፣ በርበሬ ስገዛ አንድ ይግባኝ ይዤ እገባለሁ። «ይቺ ማናት?» ስላት ጥሩነሽ ሚዛኗን እንደያዘች «ነ ናት» ትለኛለች። እንዲህ እንዲህ ስል ማንበብ ቻልኩ። ግን የማነበው ሁሉ «ከሳሽ» እና «ተከሳሽ» ስለነበረ፣ ጽሑፍ ማለት ሰው መክሰስ ይመስለኝ ነበር።

የጤና ኮሌጁ ልብስ አጣቢና ክፍል ጠራጊ አድርጎ ሲቀጥረኝ ወረቀቴ ተሻሻለ። እናንተ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሥነ ጽሑፍና የድርሰት ትምህርት ነበራችሁ። ጤና ልትማሩ መጥታችሁ ድርሰት መጻፋችሁ ሲያናድዳችሁ እሰማ ነበር። አስናቀች «ቁስል በድርሰት ይድናል እንዴ?» ስትል መምህራችሁ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ «ያየሽውን አጥርተሽ ካልጻፍሽ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ጤነኛውን እግር ይቆርጣል» ብለው መለሱላት። እኔ መስኮት እየወለወልኩ ነበር፤ ሳቄን በጨርቁ አፈንኩት።

ከትምህርት በኋላ የጣላችሁትን ወረቀት ከቅርጫቱ አውጥቼ ቤቴ እወስድ ነበር። ከእናንተ ጽሑፍ ይልቅ የምወደው የእሳቸውን ቀይ ቀለም ነው። «ይህን በዓይንህ አይተኸዋል?» ይላል በየገጹ። ያንተንስ ረስተኸዋል? «ፀሐይ የወርቅ ጮራዋን በጎንደር ግንቦች ላይ ስትዘረጋ» ብለህ በጀመርከው ላይ «ፋንታሁን፣ በዚህ ሰዓት አንተ ተኝተሃል» ብለው ጽፈውበታል። እኔ ያን ቀይ ጽሑፍ ለእኔ እንደተጻፈ አድርጌ ነበር የማነበው። ለእናንተ የታዘዘውን ሁሉ ማታ ማታ እጽፋለሁ፤ የሚያርምልኝ ስለሌለ ግን ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም። ከዚያ ክፍል አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፤ እንደ እናንተ ስሜ ተጠርቶ፣ «ይህ የአንቺ ነው» ተብሎ ወረቀቴ እንዲመለስልኝ።

«በቅርብ ስለምታውቁት ሰው ጻፉ» የተባላችሁ ጊዜ ግን አላስቻለኝም። በልብስ መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩና በማለዳ ስጠርግ ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው መካከል ከተትኩት። ስሜን አልጻፍኩም። ከእኔ በፊት የነበረችው ጠራጊ የፈተና ወረቀት ቆሻሻ መስሏት ጥላ ከሥራ ተባርራለች፤ ለእኔም የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ መምህራን ጠረጴዛ ላይ እጅሽን አታሳርፊ የሚል ነበር።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ በማግሥቱ ለክፍሉ ያነበቡትን አንተም አትረሳውም፤ እኔ ግን እንደገና ልጻፈው፤ ደስ ይለኛል።

«ለክቡር ፍርድ ቤት። ከሳሽ፣ ሚስት። ተከሳሽ፣ ሟች ባል። ተከሳሽ ፊደል አስቆጥርሻለሁ ብሎ እስከ ‹በ› ካደረሰኝ በኋላ ሞቷል። መሞቱን አልከስም፤ ከአቅሙ በላይ ነውና። የምከሰው፣ ከመሄዱ በፊት በነበሩት ሦስት ሳምንታት ጤነኛ ሆኖ ‹ነገ፣ ነገ› እያለ ስላሳለፈኝ ነው። ስለዚህ ተከሳሽ መጥቶ ከ‹ተ› ጀምሮ እንዲያስተምረኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ያለ እሱ የተማርኩትን ሳነብ ከጎኔ ተቀምጦ እንዲሰማኝ ይታዘዝልኝ።»

መጀመሪያ ሳቃችሁ፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀና ብላችሁ አደመጣችሁ። እኔ ውጭ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

«ድርሰት ጻፉ ብል አንዱ ማመልከቻ አመጣልኝ» አሉ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ። «ይህ ስሕተት ነው። ግን በዚህ ዓመት ካነበብኩት ሁሉ በዓይን የታየ ነገር ያገኘሁት በዚህ ስሕተት ውስጥ ነው። የማን ነው?»

አንተ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሳትጽፍ ቀርተህ፣ ሦስተኛ ብትደግም ትምህርቱን ወድቀህ ወደ አገርህ እንደምትመለስ ተነግሮህ ነበር። ብድግ አልክና «የእኔ ነው» አልክ።

«ፋንታሁን! መቼ ነው የተዳርከው?» አለች አስናቀች።

«ባልህን ነፍስ ይማር» አለ ሌላው ከኋላ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ግን አልሳቁም። ወረቀቱን አገላብጠው አዩ፤ አንተንም አዩህ። «መልካም። ክስ ካለ መልስ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት የሟቹን መልስ ጽፈህ ታነብልናለህ። ካልሆነልህ ግን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ።»

በማግሥቱ ማጠቢያ ቤት መጣህ። «አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ሸሚዝ» የሚለውን የወረቀቱን ፊት አይተህ ነበር የደረስክብኝ።

«እትዬ ባንቺአየሁ፣» አልክ፣ «ባለቤትሽ ሞቷል?»

«ሞቶ ነበር። ትናንት ግን ሁለተኛ ሚስት አገባ።»

ፊትህ እንደ በርበሬ ቀላ። «ጉድ ሠርቼሻለሁ። ብባረር አባቴ በር አይከፍትልኝም፤ ሁለት በሬ ሸጦ ነው የላከኝ። እባክሽ፣ መልሱንም አንቺው ጻፊልኝ።»

«እኔ ከሳሽ ነኝ። ከሳሽ የተከሳሽን መልስ ሲጽፍ የት አገር አይተሃል?»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«የሀዳነ ጠበቃ ሁነዋ! ሚስቱን ከወሰድክ አይቀር።»

የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ሳፋ ደፍተህ ተቀመጥክበትና ስለ እሱ ትጠይቀኝ ጀመር። ሦስት ቀን በተከታታይ መጣህ። ሲሄድ እንዴት እንደሚራመድ፣ ሲናደድ ምን እንደሚል ጠየቅኸኝ። ከሞተ ጀምሮ ስለ ሀዳነ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም፤ በመካከሉ የተጣላን መሆናችንን እየረሳሁ ስቄ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ጥያቄህ ተለወጠ።

«አዲስ ረድፍ የሚጽፍልሽ በምን ቀን ነበር?»

«ሰኞ ሰኞ።»

«እሑድስ የት ይውላል?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ። ከቅዳሴ በኋላ ከመሪጌታው ጋር ይቆያል።»

«ደብዳቤ ሲመጣላችሁ ማን ያነብ ነበር?»

«መሪጌታው። ሀዳነ ዓይኑን ያመው ነበር።»

«መሪጌታው እስከ መጨረሻው እዚያው ነበሩ?»

«የለም፣ ሀዳነ መተማ ሳይወርድ ወደ ጠዳ ተዛውረው ነበር። ምነው?»

ተነሥተህ ሮጥክ። እኔም «ልጁ ተሰላችቷል» ብዬ አንሶላዬን ጨመቅሁ።

የደበቅሁህ ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያው ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሟቹን ሳይሆን አንተን የሚከስ፣ ለኮሌጁ ዲን የሚሰጥ እውነተኛ ማመልከቻ። ቀኑን፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ የተናገርከውን ቃል ሁሉ ጻፍኩበት። በዚህ ጊዜ ስሜንም ጻፍኩ። ከሥራ ብባረርም ልባረር አልኩ። አንተ ጽሑፌን መውሰድህ ሳያንስ፣ ሦስት ቀን ባለቤቴን ከአፌ እየቀዳህ ማርክ ልታገኝበት መሰለኝ። በሳምንቱ መልስህን ልታነብ ስትቆም ማመልከቻው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ለምሳ ስትወጡ ዲኑ ቢሮ ልገባ ወስኜ ነበር የመጣሁት።

አነበብክ።

«እኔ ሟች ተከሳሽ እንዲህ ስል እመልሳለሁ። ሚስቴ እንደ መምህር ታየኝ ነበር። እኔ ግን የማውቀው መሪጌታው እሑድ ያስጠኑኝን ብቻ ነው። ሰኞ የማስተምራት እሑድ የተማርኩትን ነበር። ከእሷ የምቀድመው በአንድ ሌሊት ብቻ ነው። መሪጌታው ሲዛወሩ እኔም ‹በ› ላይ ቆምኩ። ‹አላውቅም› ማለት አፍሬ ‹ነገ› አልኩ። ዋሽቻለሁ። ፊደል የሚያስቆጥረኝ ሰው ባገኝ ብዬ በመንገድ ሁሉ እጠይቅ ነበር።»

የመጨረሻዋን አንተ ፈጥረሃታል፤ ስለ መንገዱ የነገርኩህ ነገር የለም። የቀረው ግን እውነት ነበር፤ እንደሰማሁት አወቅሁት። ዓይኑን ያመው የነበረው ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው። አብሬው ኖሬ ያላየሁትን አንተ ሳፋ ላይ ተቀምጠህ አየኸው። ጨርቁን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ፤ ልቅሶዬ ግን ሳቅ ነበረበት። ያ ኩሩ ሰው፣ በአንድ ሌሊት ብቻ እየቀደመኝ!

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ «እንግዲህ ከሳሽ ምን ትላለች?» ሲሉ ወረቀትህን አንሥተህ የእኔንም ቃል ታነባለህ ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ግን ወደ በሩ ሄድክ። እንደ ችሎት ተላላኪ አንገትህን ወደ ውጭ አውጥተህ ጮህክ።

«ከሳሽ ወይዘሮ ባንቺአየሁ!»

ደንግጬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

«ከሳሽ ወይዘሮ ባንቺአየሁ!»

ችሎት ላይ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ሰው መዝገቡ ይዘጋበታል፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። እኔ ግን በራሴ ደርሶብኝ ነው የማውቀው። ሀዳነ እንደሞተ ወንድሞቹ መሬቱን ወስደውብኝ ከስሼ ነበር። ሁለት ወር ከተመላለስኩ በኋላ አንድ ቀን ውኃ ልጠጣ ዘወር ስል ተጠራሁ። ስመለስ ተላላኪው «ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ» አለኝ። መሬቱ በዚያው ቀረ። አንተ ይህን አታውቅም ነበር፤ አልነገርኩህም።

«ከሳሽ ወይዘሮ ባንቺአየሁ!»

«አቤት!» አልኩ። ጩኸቴ ግቢውን ሁሉ የደረሰ ይመስለኛል።

እርጥብ ጨርቅ እንደያዝኩ ገባሁ። አንተ ወደ ክፍሉ ዞረህ «ክሱ የእሷ ነው። ሰርቄ ነው» አልክ። ማንም አልሳቀም፤ አስናቀች እንኳ።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ የልብስ መቁጠሪያውን ወረቀት ከመሳቢያቸው አወጡ። «ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ይህ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው ጌታዬ።»

በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በቀይ ቀለም ሰማንያ አምስት ይላል። ለአንተም ፍርድህን ሰጡህ፤ «ለሰረቅኸው ዜሮ፤ ለመልስህ ሰባ። አንድ ላይ ሲታይ ለጥቂት አልፈሃል። እግዚአብሔር ያየልህ ሰው ነህ።» ዲኑን አስፈቅደው እጥበቴን ወደ ከሰዓት አዛወሩልኝና እስከ ዓመቱ መጨረሻ አስናቀች አጠገብ ተቀምጬ ተማርኩ። እሷም በየጥያቄው በክርኗ እየጎሰመች «እትዬ፣ በይ ክሰሽው» ትለኝ ነበር። ዛሬ በኮሌጁ መጻሕፍት ቤት ለተማሪ መጽሐፍ የማወጣው እኔ መሆኔን ደግሞ ታውቃለህ።

እንግዲህ አንተ እኔን የበደልከውን ያህል እኔም ልጥልህ ኪሴን ሞልቼ መጥቼ ነበር። ስለዚህ ተካክሰናል። ከእንግዲህ በደብዳቤህ ግርጌ ይቅርታ የሚል ነገር ባገኝ ሳላነብ እመልሰዋለሁ፤ በምትኩ ስለ ሰዎችህ ጻፍልኝ።

ያን ማመልከቻ ከዚህ ጋር አጣጥፌ ልኬልሃለሁ። ስታነበው አትደንግጥ፤ አጻጻፉ የሚያስፈራ ቢሆንም መጨረሻው ላይ እንድትባረር አልጠየቅሁም፤ የሁለቱ በሬዎች ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነበር። የጠየቅሁት ዳኝነት አንድ ብቻ ነው፤ «ተከሳሽ በዚያው ክፍል ፊት ስሜን ጮክ ብሎ እንዲጠራ ይታዘዝልኝ» ይላል።

እኔ አንድ ጊዜ እንድትጠራኝ ነበር የጻፍኩት። አንተ ግን ማንም ሳያዝህ ሦስት ጊዜ ጠራኸኝ።

አክባሪህ፣
ባንቺአየሁ