በስምህ የተያዘው ወንበር

አቤልዬ፣ የሆዴ ልጅ፤

እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመብኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አወጣን፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ ቤቱ ጭር ቢልብኝ ወረቀት አነሣሁ። ጽሕፈቴ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ታገሠኝ።

ሰፈራችን ሃውገሩድ እንዳለች ናት። ሊፍቱ ዛሬም ይበላሻል። እህትህ ሔለን ብቻዬን እንዳልሆን ብላ የቶየኑን ቤቷን ለቃ ክፍልህ ውስጥ ገብታለች። ጫማህን ግን ከበሩ ሥር አላነሣነውም። እኔም ያንኑ ቢሮ አጸዳለሁ፤ መስኮት ስወለውል ወደ ታች ማየት ትቻለሁ።

ማታ ማታ ሥራ ስትጨርስ ስልኬ ላይ አንዲት ቃል ትልክልኝ ነበር፦ «ወርጃለሁ»። ከምትሠራበት ከፍታ ወርደህ እግርህ መሬት ረገጠ ማለት ነው። እሷን ሳላይ እራት አልቀምስም ነበር። «እማዬ፣ ሰማይ ቤት የተቀጠርኩ አስመሰልሽው እኮ!» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ያ ቀልድህ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አንተ ብየዳ የተማርከው ለመሥራት ነበር፣ ለማፍረስ አልነበረም። ያ ባሕሩ ጠረፍ ላይ ያለው ወርክሾፕ ባሕር ውስጥ የሚቆሙትን የነዳጅ ማውጫዎች ሲሠራ ከተማው በሙሉ ከእሱ ይበላ ነበር። ነዳጁ ይቅር ሲባል ሥራውም ቀረ። መንግሥት «አካባቢውን አንጥልም፤ ገንዘብ መድበናል፤ የነፋስ ኃይል ሙያ እናስተምራችኋለን» ሲል ደስ ብሎህ ደወልክልኝ። ያን ቀን ተመዝግበህ ነበር። ከዚያ መጠበቅ መጣ። መጀመሪያ ጥናት ተባለ፣ ቀጥሎ ስብሰባ፣ ቀጥሎ የማሠልጠኛው ሕንፃ። የቤት ኪራይ ሕንፃ እስኪያልቅ አይታገሥም። አንተና ጓደኛህ ስታይን ያረጁትን ማውጫዎች በእሳት እየቆረጣችሁ ማፍረስ ገባችሁ። ትናንት የበየድከውን ዓይነት ብረት ዛሬ ቆረጥከው። አንድ ቀን የቆምክበት ብረት ከዳህ። እኔ እዚህ እራት አቅርቤ ስልኩን አያለሁ። እራቱ ቀዘቀዘ።

ነዳጁ ለምን ቀረ አልልም፤ ምድር ትረፍ። ግን አሮጌው በር ሳይዘጋ አዲሱን መክፈት ምን ነበረበት?

ከአርባህ በኋላ አንዲት ሴት ከማሠልጠኛው ደወለች። በደስታ ድምፅ «አቤል ቦታ አግኝቷል! ሰኞ ይጀምራል አይደል?» አለችኝ። ኖርዌይኛው ጠፋኝ። «ያ፣ ያ» አልኳት፤ አዎ ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እስከ ሰኞ ድረስ ለሥራ የሚነሣ ልጅ ነበረኝ። ሸሚዝህን ተኮስኩት። ሔለን ሸሚዙን አይታ ስልኩን አነሣችና መሞትህን ነገረቻቸው።

ያኔ አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ ቦታውን ለስታይን ስጡት፤ እሱም ተመዝግቧል፤ ዛሬም እዚያው ላይ ተንጠልጥሏል። «ቦታው በአቤል ስም የተያዘ ነው፤ ስታይን የሚቀጥለውን በጀት ይጠብቅ» አሉን። ወንበርህ ባዶውን ትምህርት ጨረሰ።

ትምህርቱ አስቀድሞ ቢጀመርም ሕንፃው የተመረቀው በቅርቡ ነው። አዳራሹን በስምህ እንሰይም፣ እናቱም ትምጣ አሉ። ከሔለን ጋር በባቡር ሄድን። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሴትዮ ጥለቱን በጣቷ ነካ አድርጋ «እንዴት ያምራል! ለምርቃቱ ነው የለበስሽው?» አለችኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ከሔለን በቀር እያለቀስኩ መሆኔን ያወቀ ሰው አልነበረም። ሔለን ልትነግራት ስትል እጇን ያዝኳት። እኔው ተናገርኩ፤ በዚያ በተሰባበረ ኖርዌይኛዬ።

የልቅሶ ልብስ ነው አልኳት። የልጄን ስም ከፈለጋችሁ ስታይንን ዛሬ አስገቡት፤ እሱ ሲቀመጥ ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ ጨርቅ ራሴ እገልጠዋለሁ አልኳት። እርስ በርስ ተያዩ። ሴትዮዋ አቀርቅራ «ደንብ አለ፤ እናያለን» አለች። ስታይን ከኋላ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

እንግዲያው ይቅር አልኳት። በሕይወቱ ላልተከፈተለት በር ስሙን አልሰጥም።

ሰሌዳው ጨርቁን እንደለበሰ ቀረ። ከሥሩ ቆመው ኬክ በሉ። እኔ አልቀመስኩም።

ስታይን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘን። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምን እንዳደረገ ግን እሱም አያውቅም። ሔለን ስልኩን ተቀብላ አንዲት ቃል ጻፈችለት። ደጋግሞ አላት፤ አፉ ሲተሳሰር ሔለን ሳቀችበት፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ማታ ማታ «ወርጃለሁ» ብሎ ይልክልኛል። ፊደሉ የእነሱ ነው፣ ቃሉ ያንተ። ወንበር አላገኘም፤ ነገም ይወጣል። ቃሉ ሲዘገይ እራቱን ከድኜ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ ደግሞ ልቤ ለእሱ ያርፍና ለአንተ ይሰበራል።

አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። የሰው ልጅ መውረዱን ሳላይ እንጀራ አልቆርስም፤ በቆረስኩ ቁጥርም ያልወረደውን ልጄን በስሙ እጠራዋለሁ። አቤል እላለሁ። እናትህ በሕይወት እስካለች ስምህ ያለው እዚህ ነው፣ በዚህ ማዕድ ላይ።

እናትህ