ሞቼ የዋልሁበት ቅዳሜ

ማክሰኞ

«ሚስጥር» ይላል ከላይ፤ እኔ ግን አርባ ቅጂ አወጣሁለት። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ሚስጥር አያልፈውም። ወረቀቱ ሲወጣ ዓይን ያርፍበታል፤ ምን ይደረግ። እንዲህ ይላል፦ ጠላፊዎች ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ የመንገደኞች አውሮፕላን ይይዛሉ። አውሮፕላኑ ሐይቁን አንድ ጊዜ ይዞርና ከአንድ የመንግሥት ቢሮ ሕንፃ ጋር ይላተማል።

ክው አልሁ። ማሽኑን አቆምሁት። ወረቀቱን ያመጣው ልጅ ሳቀ፤ ሳሙኤል ይባላል። የሆነ ነገር የለም፣ ቅዳሜ የሚደረግ ልምምድ ነው አለኝ። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ እሳት አደጋው፣ አምቡላንሱ፣ ፖሊሱ ማን ምን እንደሚሠራ የሚለማመዱበት። አስተባባሪው እሱ ነው። ያልተሟላለት መንገደኛ ነው፤ የተመዘገቡት ሁሉ የፔዳ ተማሪዎች ሆነውበታል።

«የሃያ ዓመት ልጅ ብቻ የጫነ አውሮፕላን የት አለ?» አልሁት።

ትልቅ ሰው ከየት ላምጣ አለ። ይኸው ቆሜልሃለሁ አልሁት። አምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አውሮፕላን በቤቴ ጣራ ላይ ሲያልፍ እንጂ ውስጡን አይቼ አላውቅም። በደስታ ምሳዬን ረስቼ ዋልሁ።

ረቡዕ

የኔታ ጥበቡን አሳመንኋቸው። ሰባታሚት ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ የቅኔ መምህር፣ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ። የሐሰቱ ሞት ምን ይሠራልኛል፣ የእውነቱ ሳልጠራው ይመጣ የለም ወይ አሉ። እኔ መቼ በዚህ ዝም እላለሁ። ሰው ማዳኛ ትምህርት ነው፣ መኪና መጥቶ ይወስደናል፣ ከተማሪም ጋር ይጫወታሉ እያልሁ ግማሽ ሰዓት ለፈለፍሁ። ባለቤታቸው እትዬ የሹ ደግሞ አገዙኝ። «ቤት ተቀምጠው ወጤን ከሚያርሙ ይሂዱልኝ» አሉ። የኔታ ሳቁና ተሸነፉ።

ቀሪ ነገር፦ ቀለም ማስሞላት። ጫማዬን ማሰፋት። ያገር ልብስ ወይስ ሹራብ? ለአውሮፕላን ያገር ልብስ ያምራል። ሱቁን ማን ይከፍታል? ማንም፤ ተዘግቶ ይዋል።

ዓርብ

ማብራሪያ ተሰጠን። ካርድ አሳዩን። ቀይ ክፉኛ የተጎዳ፣ ቢጫ ትንሽ መቆየት የሚችል፣ አረንጓዴ በእግሩ የሚሄድ፣ ጥቁር የሞተ። የኔታ ቢጫ ደረሳቸው፤ ቀኝ እጃቸው ተሰብሯል ተባለ። እኔ ቀይ ነበር የምጠብቀው፤ ጩኸቴን ሁሉ በጓዳ ተለማምጄ መጥቻለሁ። ሳሙኤል ጥቁሩን አንገቴ ላይ አንጠለጠለው።

«እትዬ ውባለም፣ ሬሳ አያወራም» አለኝ። «አንድ ሰዓት ዝም ካሉ ይህን የሚያብረቀርቅ ጃኬቴን እሸልምዎታለሁ።»

ተማሪዎቹ በሳቅ ወደቁ። አንዷ፣ ማዘር አሥር ደቂቃም አይሞላቸው አለች። እልህ ያዘኝ።

ዋናው መመሪያ ይህ ነው፦ በጨዋታው መካከል የምር የታመመ ሰው ካለ «እውነት ነው» ይበል፤ ያን ጊዜ ፊሽካ ይነፋና ሁሉም ይቆማል። የኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ውሸታም ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደለም ወይ አሉኝ። ሳቅሁ። ለሳሙኤል ግን አልነገርሁትም።

ቅዳሜ

በተርታው ልጻፈው።

አውሮፕላኑ አሮጌ አውቶብስ ሆኖ ተገኘ። እኔ ባገር ልብሴ! ሕንፃው ደግሞ ሰው የለቀቀው ቢሮ ነው፤ የአውቶብሱን አፍንጫ ከግድግዳው አስጠግተው አቁመውታል። ለጭሱ ጎማ አቃጠሉ። ጠላፊ የሆኑት ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ አንደኛው ሳቁ እያመለጠው ማንንም ማስፈራራት አቃተው። ከዚያ አውሮፕላኑ ከሕንፃው ጋር ተላተመ ተባለ፤ ጩኸቱ ቀለጠ። እኔ ሞትሁ።

ለአራት ተሸክመው ሣሩ ላይ አስተኙኝ። ስትከብድ አለ አንዱ። ሰማሁት፣ ዝም አልሁ። የኔታን አምጥተው ከእኔ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ አድርገው አስተኟቸው። ዙሪያው ሁሉ «እውነት ነው» ሆነ። እውነት ነው እግሬ የለም። እናቴ ትሙት እውነት ነው። እውነቴን ነው ዶክተር፣ ቁርስ አልበላሁም። ቃሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አለቀ፤ ፖሊሱም እሳት አደጋውም እየሰሙ ያልፋሉ።

የኔታ «አማን» ሲሉ ሰማሁ። በግእዝ እውነት ማለት ነው፤ ቅዳሴ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ካርዳቸውን የምታየው የነርስ ተማሪ ለጓደኛዋ፣ አባባ ጸሎት ላይ ናቸው፣ እንዴት ያምርባቸዋል አለች። እኔም በሆዴ፣ የኔታ ጨዋታውን ለመዱት አልሁ። ብቻ የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ። ቀና ብዬ ልያቸው አልሁና ጃኬቱን አሰብሁ። ተውሁት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሁለት ደቂቃ ይሆናል፣ ሦስትም ይሆናል።

ደግመው «አማን በአማን» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። ዓይኔን ገለጥሁ። ተሰብሯል የተባለው ቀኝ እጃቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የጨበጡት ግራውን ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላቡ በጢማቸው ይወርዳል።

ተነሥቼ ጮኽሁ። ማዘር ከሞት ተነሡ ብለው አጨበጨቡልኝ። ሳሙኤል እየሳቀ መጣና ተሸነፉ አለኝ። ክንዱን ያዝሁት።

«አማን ማለት እውነት ነው። እውነት ነው እያሉህ ነው በራሳቸው ቋንቋ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ለልምምዱ ተሰልፎ የቆመ አምቡላንስ ነበርና ለመኪና አልተቸገርንም።

እሑድ

ልብ ነው። አንዱ የደም ሥር ተዘግቶባቸዋል። ሐኪሙ ዛሬንና ነገን ካለፉ ተስፋ አለ አለ። ካላለፉስ አላለም፤ እኛም አልጠየቅነው።

እትዬ የሹ በሩ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ለጠያቂው ሁሉ እጄን ይዘው፣ እሷ ባትኖር ኖሮ ይላሉ። እኔ ነኝ ከቤታቸው ያወጣኋቸው አልሁ። «ቤት ቢሆን ኖሮ ማን ይደርስልኝ ነበር?» አሉና ሳሙኝ። ስለነዚያ ደቂቃዎች አልነገርኋቸውም። ሌላውን ሁሉ የሚለፈልፍ አፍ ይህን ዋጠው።

እንፍራንዝ ያለችው እህቴ ደወለች፤ እያለቀሰች። አውሮፕላን ቢሮ መታ፣ እህትሽም አለችበት ብለው አውርተውላታል። ሞቼ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ አልኋት። ተቆጣችኝ። ዛሬ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሰኞ

ሳሙኤል ሪፖርቱን ይዞ መጣ፤ ስድስት ቅጂ። «በልምምዱ መካከል አንድ ተሳታፊ የጤና እክል ገጥሞት ፈጣን ምላሽ ተሰጥቶታል» ይላል። ፈጣን ወይ አልሁት። እሱን ነበር የጠየቅሁት ወይስ ራሴን? እሱ ግን አንገቱን ደፋ፣ እስክሪብቶ ለመነኝና «ፈጣን» የሚለውን ሰረዘ። ሌላ ቃል አልጻፈበትም። እንደ ተሰረዘ አባዛሁት።

ለሚቀጥለው ጊዜ በ«እውነት ነው» ፈንታ ሌላ ቃል ይምረጡልን አለኝ፤ ለቀልድም ቢሆን የሚያጣጥር ሰው አፍ ላይ የማይመጣ። «ጎመን» አልሁ፤ የራበው ይለዋል አለ። «ትራክተር» አለ፤ የተገጨ ይለዋል አልሁ። በመጨረሻ «ፎቶ ኮፒ» ላይ ተስማማን። ስንስቅ ቆየንና ሁለታችንም አፈርን። ጃኬቱን በፌስታል ይዞልኝ መጥቶ ነበር። መልሼ ሰጠሁት። ቅር አለው፤ ምክንያቱን አልነገርሁትም።

ማታ ሆስፒታል ደርሼ ተመለስሁ። የተለወጠ ነገር የለም። በአፍንጫቸው ቱቦ አለ፣ ተኝተዋል።

ማክሰኞ

ሁለቱ ቀን አለፈ። አጥሚት ቀመሱ። እትዬ የሹ ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሉት «ቀጥኗል ብለው አረሙት» ነው። ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፈን ሳቅን፣ ጥበቃው ቀስ በሉ አለን።

ሐኪሙ ግን ገና ነው ይላል። ወደ አዲስ አበባ ይላኩ ወይስ እዚሁ በመድኃኒት ይታዩ፣ አልወሰኑም።

ረቡዕ

አሥር ደቂቃ ፈቀዱልኝ። ያለ ጥምጣም ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ጸጉራቸው የሕፃን ጸጉር ይመስላል። ዘጠኙን ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። ስለ እንፍራንዟ እህቴ፣ ስለ ጎመኑ፣ ጠላፊ ሆኖ ስለሳቀው ልጅ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ነርሷ ገልመጥ አደረገችኝ።

ከዚያ ተናገርሁት። «የኔታ፣ የመጀመሪያውን አማን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልሁ።» ዝም ያልሁት ለጃኬት መሆኑንም አልደበቅሁ።

ብርድ ልብሱን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«የመጀመሪያውማ ጨዋታ ነበር» አሉ። «ልጆቹ ሁሉ እውነት እውነት ሲሉ፣ እኔ ደግሞ በግእዝ ልበልና ላስቃቸው ብዬ ነው። ያመመኝ ከዚያ ወዲህ ነው፣ ልጄ።»

የኔታ ቀልደኛ ናቸው፤ ሊሆን ይችላል። የሰው ጭንቀት ማየትም አይወዱም፤ ስለዚህ ሊያጽናኑኝ ያሉትም ሊሆን ይችላል። ፊታቸውን አየሁት፤ ምንም አላገኘሁበት። ደግሜ ልጠይቅ ከንፈሬ ተከፈተና ተውሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብዬ ደስ ያለኝ ዛሬ ነው።

ነርሷ ሰዓት አልቋል አለች። እጃቸውን ሳምሁ። ነገም ነይ፣ እዚህ ክፍል የሚያወራ ሰው የለም አሉኝ። ነገ ሱቁን በአሥር ሰዓት እዘጋለሁ።