የግራ ጎኗ ክብደት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ከሰዓት 10፡00

ጀልባዬ ዛሬም ወደ ግራ አዘነበለች። ቸስተርሚር ሐይቅ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ ጀልባውን አውጥቷል። እኔ በቀኝ መሪው ላይ። ሚስቴ ሰብለ ከኋላ መሐል ላይ። በግራ በኩል ማንም የለም። ግን ወደ ግራ።

ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ እንደ እርጉዝ ላም ትጎተታለች። አምና እንዲህ አልነበረችም። ወይስ ነበረች? ሰብለ ስትወርድ፣ ጀልባ ነው ወይስ ስፖንጅ የገዛኸው፣ አለችኝ። ቀልድ ነው። እኔ አልሳቅኩም።

ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር፣ ቤት። ወደ ጓሮ ሳስገባት ጎረቤቴ ኬን አየኝ። ድሮ ጀልባ ይጠግን የነበረ ሽማግሌ ነው። የተጎታቹን ጎማዎች ብቻ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከወለሉ ሥር ፎም አለ አለኝ፤ ውሃ ቢሞላባት እንዳትሰጥም የተጠቀጠቀ። የአሮጌ ጀልባ ፎም ውሃ ይጠጣል። ከጠጣ አይመልስም። አስመዝናት።

የሚያንሳፍፋት ነገር ነው የሚያሰምጣት። ደብተሬ፣ ይቺን ያዢልኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

የከባድ መኪና ሚዛን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። የዚህ አገር በዓል ስለሆነ ዝግ ነው፤ የቁጥሩ መብራት ግን ይሠራል። ጎትቼ ወጣሁበት። የተጎታቹን ቀነስኩ። የነዳጁን፣ የባትሪውን፣ የመልሕቁን ቀነስኩ። መመሪያ መጽሐፏ ላይ ያለውን የራሷን ክብደት ቀነስኩ። ሦስት መቶ ኪሎ ተረፈ።

አራት ሰው ማለት ነው። ከወለሉ ሥር የተኙ አራት ሰዎች ይዤ ነው ስዞር የከረምኩት።

የሸጠልኝ ጌታሁን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጌ. ብቻ፤ ስሙን በሙሉ ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ። ልጁን ናኦድን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አበልጄ ነው። ለዚህ ነው ሳልመረምር የገዛኋት። የባዕድ ሰው ጀልባ ቢሆን ባለሙያ ይዤ እሄድ ነበር። የአበልጅን ዕቃ ግን ማን ያስመረምራል? ነውር ነው። በነውር የገባ ውሃ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ደወልኩለት። ካፒቴን! አለኝ። ጀልባዋን ከገዛሁ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ነገርኩት። ሳቀ። «ታዲያ ጀልባ ውሃ ያልጠጣ ምን ይጠጣ፣ አረቄ?» ዘጋሁበት።

መልሶ ደወለ። አላነሳሁም። ሦስት ጊዜ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

አደረግኩት።

ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ። ጌ. ሻይ ይቀዳል፣ ሰው ይከበዋል፣ የናኦድን ሠርግ ያወራል። የሐዋርያት ጾም ሳይገባ፣ ግንቦት 30። እኔን ሲያይ፣ ካፒቴን፣ ሽማግሌዎቹ ጋ የምትቀመጠው አንተ ነህ፣ ሱፍህን አስተኩስ፣ አለ። እኔም ሁሉም እየሰማ፣ ለአበልጁ የሬሳ ሣጥን ከሸጠ ሰው ጋር ማዕድ አልቆርስም አልኩ። ውሃ መጠጣቷን እያወቀ እንደሸጠልኝ። ሚስቴን ሊያሰምጥብኝ እንደነበር።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። እጁን በሶፍት ጠረገ። «እሺ» አለ። ስሜን በሙሉ ጠርቶ፣ «እሺ»። ወጣ።

መኪና ውስጥ ሰብለ ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። ትክክል ነኝ። ሦስት መቶ ኪሎ ማስረጃ አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20። ከሥራ መልስ

ማስረጃውን በዓይኔ ላየው ፈለግኩ። ጌ. በሱ ጊዜ ከኋላዋ አንድ ስንጥቅ አስጠግኖ ነበር፤ ራሱ ነው የነገረኝ። የገባው በዚያ ነው፣ ሌላ ከየት ይገባል? ኬን ክብ መብሻውን አዋሰኝ። ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ በሳሁ። ጣቴን ሰደድኩ።

ደረቅ።

ቢጫ፣ ደረቅ፣ እንደ ቆሎ የሚፈረፈር ፎም። ቆርጬ በመዳፌ ያዝኩት። የሌለ ያህል ነው። ሌላ ቦታ በሳሁ፤ ከኋላ በቀኝ። ደረቅ። ኬን ከአጥሩ ማዶ፣ የምታዘነብለው ወደየት ነው አለኝ። ወደ ግራ። እና ቀኝዋን ለምን ትበሳለህ?

መብሻውን አስቀመጥኩ። መልሱን ላንቺ ብቻ፣ ደብተሬ። ጥፋቱን ሳይሆን ጌ.ን ነበር የምፈልገው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23። ጠዋት

ግራ፣ መሐል ወለል። መብሻው ገና ሳይወጣ ውሃው ቀድሞ ወጣ። ቡናማ። የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ከሥሩ የወጣው ፎም እንደ ረጠበ ዳቦ። ስጨምቀው በክንዴ እስከ ክርኔ ወረደ።

ከየት ገባ? ከላይ መሆን አለበት። ምንጣፉን ከጥግ ያዝኩና ገነጠልኩ። ማጣበቂያው ጠንካራ ነው። ማን እንዳጣበቀው ትዝ ያለኝ ግማሹ ላይ ስደርስ ነው።

አራት ቀዳዳዎች። አራት ማዕዘን ሠርተው። ዙሪያቸው ጠቁሯል።

የወንበሩ ናቸው።

ያው፣ ከሰዓት 9፡00

ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

አባዬ ከአገር ቤት የመጡት ጀልባዋን በገዛሁበት በጋ ነው። ጉልበታቸው አይታጠፍም ነበር። የጀልባዋ የእንግዳ መቀመጫ ከወለሉ ጋር እኩል ነው፤ እኔ ከፍ ብዬ እየነዳሁ አባቴ ከእግሬ ሥር ሊቀመጡ ነው? አይሆንም። የመመገቢያ ክፍላችንን ባለ መደገፊያ ወንበር አወጣሁና በግራ በኩል ወለሉ ላይ በብሎን አሰርኩት። ብሎኑን ያቀበለኝ ጌ. ነው። ቀዳዳው ውስጥ ማሸጊያ ጨምር ካፒቴን፣ ውሃ ይገባል፣ ብሎ የማሸጊያውን ቱቦ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ለሁለት ሳምንት ምን ያደርጋል አልኩት። አባዬ ጀልባዋ ላይ ወጡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ዳኛ። ሐይቁ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ትንሽ ነው አልኳቸው። «እሱን ማን ለካው?»

አገር ቤት ተመለሱ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ሳልደርስ ተቀበሩ። በዚያ ሳምንት በረዶው መሐል ገብቼ ወንበሩን ፈታሁት። ባዶውን ማየት አልቻልኩም። ቀዳዳዎቹንም ማየት አልቻልኩም። ምንጣፍ አለበስኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በረዶው በየዓመቱ ቀለጠ። በአራቱም ቀዳዳ።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ምንም አላደረግኩም። ሥራ። ቤት። ስልኩን አየሁ። አስቀመጥኩ።

ማንም አያውቅም። ምንጣፉን መልሼ ላጣብቀው እችላለሁ። ይህን እንዳሰብኩ ጻፍኩት፤ ሁለት ጊዜ አሰብኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ናኦድ ደወለ። አማርኛው እንደ እኔ መኪና ነው፤ ይጀምርና ይጠፋል። ስለ አባቱና ስለ እኔ መጠየቅ አልፈለገም። «ጋሼ፣ ላይክ፣ የናንተን ነገር አላውቅም። ግን ወንበርዎ አለ፣ ኦኬ? ዳዲ ነው አስቀምጡለት ያለው።»

ኦኬ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ። ያ ሰው ደግሞ ወንበር ያስቀምጥልኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 29። ጠዋት 2፡30

ከሥራ ቀረሁ። ትናንት ከግራ ወለሉን ከፍቼ አንድ ቁራጭ ፎም በመጋዝ አወጣሁ፤ የትራስ ግማሽ ያህል። ደረቅ ቢሆን በሁለት ጣት ይነሣል። የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ሰባት ኪሎ። ኬን ይህ አይደርቅም፣ ሁሉም መውጣት አለበት አለ። ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን።

አባዬ ይሉ ነበር፦ በሰው ፊት የበደልከውን ጓዳ ገብተህ ይቅር በለኝ አትበለው። በሳቸው አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀና በል እስኪሉት የተበዳዩ በር ላይ ይቆማል። ጌ. ቤት ዛሬ ሰው ሞልቷል፤ የሠርጉ ዋዜማ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ስካይቪው ራንች ሰፈር፣ እሱ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ። ይስሙ። ይሳቁም።

ድንጋይ የለኝም። ይህ አለኝ።

በላስቲክ አልጠቀልለውም። ትከሻዬ ላይ ሞከርኩት፤ ውሃው በአንገቴ ወረደ። ሰብለ፣ ሸሚዝህ አለች። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አነሣች።

የምለውን አላዘጋጀሁም። ቀዳዳዎቹ የኔ ናቸው፣ ይህን ብቻ። በሩን ላይከፍት ይችላል። ከፍቶ ስሜን በሙሉ ሊጠራ ይችላል፤ ይገባኛል። ግን ከፍቶ፣ ይህን ትከሻዬ ላይ አይቶ፣ ካፒቴን ካለኝ… ሰብለ መኪናውን አስነሣች። ልሂድ።