የንብ ቤቱ ገመድ

ጎንደር፣ አራዳ
ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ይድረስ በጀርባሽ አዝለሽ ጥቁር ውኃን ላሻገርሽኝ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን የያዘሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይስ ዝናቡ መልሶ ቀሰቀሰብሽ? ቡሬዋ ላም ወለደች? አባቴስ እንዴት ናቸው? ይህን የመጨረሻውን የምጠይቀው ለወጉ አይደለም። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ከዚያ አልፌ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ለዘንድሮ በቅቶኛል።

እንደወትሮው የሚያነቡልሽ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እንደሆኑ አውቃለሁ። እባክሽ ሌላ አንባቢ እንዳትፈልጊ። መሪጌታም ደብዳቤው በእርሳስ መጻፉን አይተው “ጎንደር ገብቶ ቀለም አጣ?” እንዳይሉኝ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

እማዬ፣ ጥር ላይ አለቃዬ አቶ ዳኛው ጠርተውኝ ስለ ጥቁር ውኃ ሸለቆ ጻፍ አሉኝ። መልክአ ምድሩን፣ ሕዝቡ የሚተዳደርበትን፣ እንግዳ ቢመጣ የሚያየውን ሁሉ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ያን አገር በእግሩ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ውኃው ከትክል ድንጋይ በታች ከገደሉ ሥር ፈልቆ እንደሚወርድ ጻፍሁ። ላይ ደጋው ገብስና ባቄላ፣ ወገቡ ላይ ጤፍና ኑግ፣ ታች ዳሩ ማሽላና በርበሬ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቆላው ጥጥና ሰሊጥ እንደሚበቅል፣ አንድ ሰው ጠዋት ጋቢ ለብሶ ተነሥቶ ቀትር ላይ ሸሚዙን እንደሚያወልቅ ጻፍሁ። የማሩን ነገር፣ የከብቱን ነገር፣ ክረምት ውኃው ሲሞላ የወዲህና የወዲያ ሰው እንደ ባዳ እየተጠራራ እንደሚውል ሁሉ አልተውሁም።

የሚታየው ላይ ስደርስ ግን ፏፏቴውንና ገደል ላይ የሚጫወተውን ጭላዳ አልፌ የምጽፈው አጣሁ። አቶ ዳኛው አንብበው “ይኸው ነው? ዝንጀሮ እኮ በየአገሩ አለ” አሉ። በአገሬ የተናቅሁ መሰለኝና ነደደኝ። ቁጭ ብዬ ስለ ንብ ቤት ጻፍሁ።

ስሙን ያወጡት የማርያም ገበዝ የሆኑት አባቴ እንደሆኑ ታውቂያለሽ። በጣሊያን ጊዜ የማርያምን መጻሕፍት ገደሉ ወገብ ላይ ካለው ዋሻ ሲያገቡ፣ ሰው እንዳይጠጋ “ንብ አለበት፣ ይፈጃል” አሉ። ጣሊያን ከሄደም በኋላ ያው ንብ ቤት እንደተባለ ቀረ። የሸለቆው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለባዳ የነገረ ግን የለም። ሃያ ምናምን ዓመት እረኛው የያዘውን ምሥጢር እኔ የተማርሁት በሁለት መስመር አወጣሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔው ከአፋፉ በታችም አልቆመም።

የካቲት ላይ ያን ጽሑፍ ያነበበ አንድ ፈረንጅ ውሰደኝ አለኝ። ወሰድሁት። እማዬ፣ ያን ቀን አንቺና አባቴ ገበያ ወጥታችሁ ነበር። ገበያ የምትወጡበትን ቀን መርጬ ነው የሄድሁት። ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም።

አባቴ ቤት ያኖሩትን የመውረጃ ጠፍር ከላይ ካለው ወይራ ላይ አስሬ ወረድን። ሥዕል ያለበትን ተአምረ ማርያም ገልጦ ሲያይ ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ፤ እኔም የአባቴን ቤት ሙሽራ የማሳይ ያህል ኮራሁ። ኋላ በዋሻው ጨለማ ፎቶ አይነሣም፣ ጎንደር ወስጄ በሳምንቱ ልመልሰው አለኝ። እሺ አልሁት። በራሴ ነጠላ ጠቅልዬ፣ በራሴ ጀርባ አዝዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለምስጋና የቀለም ብዕር ሰጠኝ። በሳምንቱ ወዳረፈበት ቤት ብሄድ በማኪና ወደ አሥመራ ወጥቷል አሉኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍሁለት፤ መልስ የለም። ብዕሩን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

መጽሐፉ በዓመት አንድ ቀን፣ ለግንቦት ልደታ ብቻ ስለሚወጣ እስከዚያ ተስፋ ነበረኝ። “መጽሐፉ ጠፋ” ብለሽ ስትልኪብኝ “ምነው! ማን ደፈረ?” ብዬ የጻፍሁልሽ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት አያ አድማሴ በቅሎውን ይዞ ካገር መጥቶ ሁሉን ነገረኝ። ሌባውን ለማውጣት አውጫጭኝ ተቀምጦ አገሩ ሁሉ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ ዋለ አለኝ። መሪጌታ “ከገበዙ በቀር መውረጃውን ማን ይይዛል?” ቢሉ አባቴ አንድ ቃል አልመለሱም አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ተቀበሏቸው። ያየ የሰማ፣ አውቆ የሸሸገ ተብሎም ተወገዘ። ይህን ሁሉ ስሰማ አንገቴን ደፍቼ ቻልሁት። ኋላ የአንቺን መልእክት ሲነግረኝ ግን ደግሞ እንዲነግረኝ ለመንሁት። “አባትህ እርጅና ተጫናቸው መሰለኝ” ብለሻል። “መጥፋቱ በታወቀ ዕለት፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ያን የመሰለ ጠፍር ከነቋጠሮው ቆርጠው አምጥተው እሳት ጨመሩት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ አይገቡም፤ ሥጋ ወደሙን ትተው ከቅጽሩ ውጭ ከዋንዛው ሥር ይቆማሉ። ሐፍረት ነው” ብለሻል።

እማዬ፣ እርጅናም ሐፍረትም አይደለም። መሪጌታ ያስታውሳሉ፤ በግራ እጄ ስጽፍ ስንት ጊዜ በአለንጋ ጣቴን መትተውኛል። መጻፉን አስተዉኝ፣ መቋጠሩን ግን ማንም አላስተወኝም። አባቴ ነዶ ስናስር “ይህን የሰይጣን ቋጠሮ ካንተ በቀር የሚፈታው የለም” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የካቲት ላይ ስቸኩል ጠፍሩን ከወይራው ሳልፈታው ሄጃለሁ።

ፊት ለፊት መጥቼ ያልተናገርሁት ፈርቼ ብቻ አይደለም። አባቴ ፊት ብቆም “ዝም በል” ይሉኛል፤ እሳቸው ካሉኝ ደግሞ ዝም እላለሁ። ስለዚህ የማይመለስ አንደበት መረጥሁ። ለአቶ ዳኛውም ዛሬ ጠዋት ነግሬያቸው ወጥቻለሁ፤ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ።

መሪጌታ፣ እዚህ ሲደርሱ ድምፅዎን ዝቅ እንዳያደርጉ። እናቴ ካለቀሰች ታልቅስ፤ እርስዎ ይጨርሱ። ከዚያም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ይህንኑ ደግመው ያንብቡት። መጽሐፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ የሸሸጉት መጽሐፍ አይደለም፤ ልጅ ነው። ውግዘቱን ከእሳቸው ያንሡና እኔ ላይ ይተዉት።

አያ አድማሴ ውኃው ሳይሞላ እንዲሻገር ዛሬውኑ ይነሣል። እኔ በሁለተኛው ቀን እከተላለሁ። ካልተጠራሁ አልሻገርም፤ ከወዲያ ማዶ ከሾላው ሥር ቁጭ እላለሁ። አትምጣ ከተባልሁም እመለሳለሁ፤ አልቀየምም።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ወገብሽን ያጽናልኝ፤ የጠባሁት ጡትሽ አይፍረድብኝ። አንቺ ለእኔ አትለምኚ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ፤ እሑድ ማለዳ፣ ገና ደወል ሳይደወል፣ የአባቴን ነጠላ አጥበሽ አልብሻቸውና እጃቸውን ይዘሽ ከዋንዛው ሥር ወደ ውስጥ አስገቢያቸው።

ግራኙ ልጅሽ