የወ/ሮ ፀሐይነሽ ሀብተጊዮርጊስ ሕይወትና ያልተቀመሰው ማዕዳቸው

ዛሬ የምንሸኛቸው ወ/ሮ ፀሐይነሽ ሀብተጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ዘለቀና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጤናዬ በየነ በ1951 ዓ.ም. በወንጂ ተወለዱ። እናታቸው ከመስኖው ዳር ጎመንና ቆስጣ ያለሙ ስለነበር፣ ወ/ሮ ፀሐይነሽ ፊደል ሳይቆጥሩ ያደረ ቅጠልና የዕለቱን ቅጠል ለይተው ያውቁ ነበር። ይህ አመላቸው እስከ መጨረሻው አልተዋቸውም። እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ገበያ ሲገቡ የጎመኑን አገዳ ቀጭ አድርገው ሳይሰብሩ አይገዙም፤ ባለሱቆቹም ለምደዋቸው ዝም ይሏቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በወንጂና በናዝሬት ካጠናቀቁ በኋላ በጊዜው በነበረው ችግር ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1977 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከአቶ ጣሰው መንገሻ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው በ1983 ዓ.ም. ዴንቨር ገቡ፤ ልጆቻቸውን ኤርሚያስንና ሔለንንም እዚሁ ወለዱ። ሎውሪ አካባቢ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። አቶ ጣሰው በ2002 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ ግን ባዶ ቤት መቀመጥ አቃታቸው፤ በዓመቱ አውሮራ ውስጥ ባለ አንድ የቻይና ምግብ ቤት በማድ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ።

እዚያ ለደንበኛ የሚወጣው ጣፋጭ ጥብስ ሌላ፣ ሠራተኛው ከኋላ ተሰብስቦ የሚበላው ደግሞ ሌላ ነበር። ያንን የቤት ምግብ ያስተማሯቸው ዋና አብሳይዋ ሚስስ ሊን ናቸው። ሁሉም ነገር ተከትፎ ሳያልቅ እሳት አይለኮስም። መጥበሻው እስኪጨስ ይግላል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል፣ ቅጠሉ ቶሎ ቶሎ ተገላብጦ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ይወጣል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ለኖሩት ሴት ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ ወደዱት። ከአቶ ጣሰው ሞት በኋላ እናታቸው መጀመሪያ የሳቁት እዚያ ማድ ቤት ውስጥ እንደሆነ ልጆቻቸው ይናገራሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻቸው ይሠሩ ጀመር። ይህ ግን አልበቃቸውም። የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ የገዛ ወገናቸው ይህን ምግብ ከእጃቸው እንዲቀምስላቸው።

በ2009 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለሚበላው የማኅበር ምሳ ቶፉ በእንጉዳይና በቅጠል ሠርተው መጡ። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ የጾም ምግብ ነው። የዓሣ ነገር እንዳይነካው ብለው ሚስስ ሊን የሚጠቀሙበትን ሶስ ትተው በደረቅ እንጉዳይ ውሃ ነበር ያጣፈጡት። ከማኅበሩ እናቶች አንዷ ፎይሉን ገልጠው ነጩን ቁራጭ ሲያዩ «በሁዳዴ አይብ ይዘሽ መጣሽ?» አሉ። ወ/ሮ ፀሐይነሽ «አኩሪ አተር ነው እኮ፤ እስቲ ቅመሺው» ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። ምግቡ ከነትሪው ቆሻሻ ውስጥ ተደፋ። ገና ትኩስ ነበር።

ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ የምሳው ተራ ሲደለደል «አንቺ ውሃና የወረቀት ሳህን ይዘሽ ነይ» ይባሉ ጀመር፤ ከኋላቸውም «ቻይናዋ» የሚል ስም ወጣላቸው። ውሃውን እየተሸከሙ መጡ። ኤርሚያስ ከግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር እየነዳ ሲያደርሳቸው «ማሚ፣ ለምንድን ነው የምትሄጂው?» ቢላቸው «ቤተ ክርስቲያኔ ነው፤ ወዴት ልሂድ?» ይሉት ነበር። ነገሩ ግን ያንገበግባቸው ነበር። ይህን የሚያወጡት ለሔለን ብቻ ነበር።

በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. የጨጓራ ካንሰር ተገኘባቸው። ሲታመሙ የማኅበሩ ሰው ፍሪጃቸውን በሽሮና በምስር ሞላው፤ እግዜር ይስጥልን፣ ሐሰት አይነገርም። ይሁንና ሆዳቸው የሚቀበለው ሚስስ ሊን በዝንጅብል የሚያፈሉላቸውን የሩዝ አጥሚት ብቻ ነበር። በረዶው መንገዱን ሁሉ በዘጋበት ዕለት እንኳ ሚስስ ሊን አጥሚቱን በጨርቅ ጠቅልለው በእግራቸው መጡ። በማግስቱ፣ መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ወ/ሮ ፀሐይነሽ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ወ/ሮ ፀሐይነሽ የሁለት ልጆች እናትና የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ሐዘንተኞቻቸው ሲቆጠሩ ሚስስ ሊንም ከቤተሰቡ ጋር ይቆጠሩ።

ለሔለን የተዉት አደራ በዚህ ጉባኤ ፊት እንዲነበብ ስላዘዙ እነሆ ይነበባል፦ «ለቀብሬ ምሳ ቶፉውን ሥሩ። አይብ አለመሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ። የማይፈልግ ይተወው፤ ግን አትድፉብኝ።» ሔለንና ሚስስ ሊን ዛሬ ማለዳ ሠርተውታል፤ አዳራሹ ውስጥ ቀርቧል፤ አይብ የለበትም። ማኅበሩ «ምን ይዘን እንምጣ?» ብሎ ሲጠይቅ ቤተሰቡ ውሃና የወረቀት ሳህን ብሎ መልሷል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም ማዕድ ያስቀምጥልን፤ እዚያ የሰው እጅ ሥራ አይደፋም። አሜን።